ዘጠኝ ሺህ ሊትር

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 4

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይኛውን የውሃ መስመር ከፈትኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ዘግቼ ታችኛውን ከፈትኩ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እሱንም ዘጋሁ። የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ ያለው ይኸው ነው። እዚህ ደብተር ላይ የምጽፈው መዝገብ የማይቀበለውን ነው።

መዝገብ የማይቀበለው... ዛሬም ዳቦ ቤቱ በር ላይ አንዱ፣ "ጌታው ቧንቧ፣ እናንተ ቤትማ ሌት ተቀን ይፈሳል አሉ!" አለኝ። ሰው ሳቀ። ዳቦዬን ይዤ ሄድኩ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ዳቦዬን ይዤ ሄድኩ። ቤቴ ላይኛው መስመር ላይ ነው። የሚደርሰኝም እንደ ሰፈሩ ሰው ማክሰኞና ዓርብ ስድስት ስድስት ሰዓት ነው። አንድ ደቂቃ ጨምሬ አላውቅም። ማን ያምናል?

ቤት ስገባ ጓሮ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ካርቶን ቆሟል። የሚስቴ ወንድም፣ ደላላው፣ አንዱ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

"አማችዬ፣ ባሕር ጭኜልህ መጣሁ!"

አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሲዘጋ ዕቃውን ያሻሻጠው እሱ ነው። ይሄ ተርፎት። መሬት ሳይቆፈር ላዩ ላይ የሚተከል መዋኛ ገንዳ። የብረት እግሮች፣ ወፍራም ሰማያዊ ሸራ፣ መሰላል፣ ማጣሪያ። ቁመቱ አንድ ሜትር።

"ስንት ይይዛል?"

"እኔ ምን አውቄ? የውሃ ሰው አንተ!"

ካርቶኑ ላይ አነበብኩት። ዘጠኝ ሺህ ሊትር። አርባ አምስት በርሜል! እኔ ጓሮ ውስጥ!

"አሁኑኑ ይነሳልኝ" አልኩ።

"ማን ፈቀደልህ?" አለች ሚስቴ። ወንድሟን መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካ እኔን ነው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 5

ሚስቴ ከጠዋት ጀምሮ አፏን አልዘጋችም።

የምታወራው ስለ ጩጬ ነው። የመጨረሻ ልጃችን ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቷት ጩጬነቱ አልለቀቃትም። ከስምንት ወር በፊት ሞተር ገጭቷት ዳሌዋ ተሰበረ። ብረት ገባላት። አጥንቱ ገጥሟል። የቀረው ጡንቻው ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ባለፈው ሳምንት ነገሩን ቁርጥ አድርጋ ነገረችን። "ውሃ ውስጥ ትራመድ። ግማሽ ክብደቷን ውሃው ይሸከምላታል። ዓመት ሳይሞላው ካልሠራች ግን ክራንቹን አትጥልም።" አራት ወር ቀረን ማለት ነው።

"የማዘጋጃ ቤቱ መዋኛ አለ" አልኩ።

"ሁለት አውቶቡስ። በክራንች።"

"ሰው ምን ይላል? ቫልቭ የሚከፍተው ሰውዬ ጓሮው ሐይቅ አበጀ አይሉም?"

"እስከ ዛሬስ ምን እያሉህ ነው? ምርቃት?"

ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ።

"ለሰው ሁሉ ስትከፍት ትኖራለህ" አለች። "ለቤትህ ሲሆን ዝግ ነህ።"

በሩን ከኋላዬ ጓ አድርጌ ወጣሁ። ምን ታድርግ፣ ልክ ናት እንዳልል... ልክ አይደለችም። ልክ ናት እንዴ?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 7

ካርቶኖቹ እዚያው ናቸው። ሦስት ጎረቤት በአጥር ላይ አይቷቸዋል። እንግዲህ ብተክለውም ባልተክለውም ስሙ ወጥቷል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 11

ስድስት ሰዓት ላይ ቫልቭ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ ታችኛውን መስመር ስከፍት ከላይ ጭቅጭቅ ሰማሁ። አንድ ሰው፣ "ይሄ ሰውዬ ጓሮው መዋኛ ሊያቆም ነው፤ የኛን እየጨለፈ!" ይላል።

"አፍህን ዝጋ!" ያለችው ሲስተር ናት። ጡረታ የወጣች አዋላጅ፣ ቤቷ ከጓሮዬ ግንብ በታች። የምትጠጣው ከታችኛው መስመር ነው። "የዚህን ሰፈር ግማሽ በእጄ ተቀብያለሁ። አንተንም ጭምር። ሰው አውቃለሁ። ይሄ ሰው የሰው ጠብታ አይነካም!"

ጭንቅላቴን ከጉድጓዱ አወጣሁ።

"አንተም ውጣና ተናገር እንጂ! ምን እንደ ፍልፈል ትደበቃለህ?"

"ሥራ ላይ ነኝ፣ ሲስተር።"

"ሥራህን የሚያዩትማ እንዲህ ናቸው!"

ቤት ገብቼ ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለገንዳው መከራከሪያ ታደርገዋለች፤ እንዴት አድርጋ እንደሆነ አላውቅም ግን ታደርገዋለች።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 15

ጩጬን ማዘጋጃ ቤቱ መዋኛ ወሰድኳት። እኔ ነኝ ያልኩት። ነገሩን ልዝጋው ብዬ ነው።

የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ቦታ የለቀቀላት የለም። ሁለተኛው ላይ አንዲት ሴትዮ ለቀቀችላትና እስክንወርድ ድረስ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት። መዋኛው ጋ አሥር ደረጃ፤ የሚያዝ ብረት የለውም። ደግሞ የሸክላው ንጣፍ በሳሙና የተለቀለቀ ይመስላል። ጠባቂውን፣ "ወንበር አምጣላት" አልኩት። "እዚህ ወንበር አይገባም፣ ደንብ ነው" አለኝ። ክራንቹ ይገባል? "እሱንም መጠየቅ አለብኝ።"

ሲጠይቅ ሳለ ጩጬ ተንሸራታ ወደቀች። ዋናተኞቹ ተማሪዎች ናቸው፣ አንድ አውቶቡስ ሙሉ። ሳቁ። ሁሉም አይደሉም... ግን ሳቁ።

አላለቀሰችም። "አንሳኝ" ብቻ አለች።

ጠባቂውን አንገቱን ልይዘው ነበር። አልያዝኩትም። ቤት ስገባ ካርቶኑን በካልቾ መታሁት። ከዚያ ቢላ አምጥቼ ከፈትኩት።

እሁድ፣ ሚያዝያ 16

ቦታውን አዘጋጀሁ። ሣሩን ገፈፍኩ፣ ድንጋዩን ለቀምኩ፣ አሸዋ ደለደልኩ፣ ጠቀጠቅኩ። ደላላው ሊረዳ መጥቶ ሲያወራ ዋለ።

"ዝም ብለህ ትከለው እንጂ! ምን ቤተ መንግሥት ነው?"

"አንተ ዕቃ ትሸጣለህ፣ እኔ ውሃ አስቀምጣለሁ። አትድረስብኝ።"

በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ተዳፋት ሰጠሁት፣ ወደ ግንቡ በኩል። ውሃ የሚውልበት ነገር ሁሉ ተዳፋት ይፈልጋል። ሃያ ሰባት ዓመት የሠራ እጅ ነው፤ ገመድ እንኳ ሳልዘረጋ በዓይኔ አወጣሁት። ማታ ላይ ቆሟል። ክብ፣ ሰማያዊ፣ ባዶ። የኔ ጓሮ አይመስልም።

ከራሳችን ተራ ብቻ ልሞላው ነበር ሐሳቤ። አሰላሁት። የቤቱ ፍጆታ ሲቀነስ ሁለት ወር ይፈጃል። ከአራቱ ወር ሁለቱ!

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 18

አደረግኩት።

ላይኛውን መስመር ስድስት ሰዓት ላይ አልዘጋሁትም። ሁለቱ አብረው አይከፈቱም፤ ግፊቱ አይበቃም። ስለዚህ ታችኛው ሰፈር እስከ አሥር ሰዓት ጠበቀ። የደረሰው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

መዝገቡ ላይ "6:00 ተዘጋ" ብዬ ጻፍኩ። ይከብደኛል ብዬ ነበር። አልከበደኝም። ያናደደኝ እሱ ነው። እንዲህ ቀላል ከሆነ ሃያ ሰባት ዓመት ምን ስጠብቅ ነበር?

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰፈሩ ውሃው ሄደ ብሎ ቧንቧውን ስለዘጋ ግፊቱ ሁሉ ወደኔ መጣ፤ ገንዳው ግማሽ ደርሷል። ጩጬ በመስኮት አየችው። መጋረጃውን ሳበችው። ዓርብ ብቻ እደግመዋለሁ። ከዚያ በቃ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 21

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልየው ብዬ ወደ ቤት መጣሁ። ከአራት ሦስት እጁ ሞልቷል። ሚስቴ ጎንበስ ብላ እጇን ትነክራለች፣ ጩጬ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፣ ክራንቿ መሬት። "ሰኞ ትጀምሪያለሽ" አልኳት። ወዲያው አንድ ነገር ቀጭ አለ። ከግንቡ በኩል ያሉት እግሮች ወደ ውጭ ተከፈቱ። ሸራው ሆዱን ነፋ። ሚስቴን በቀሚሷ ጎትቼ አወጣኋት...

ዘጠኝ ሺህ አልሞላም ነበር እንጂ ሰባት ሺህ ሊትር አንዴ ሲወጣ ድምፁ ውሃ አይመስልም። የጭነት መኪና አሸዋ ሲገለብጥ ይመስላል። የግንቡን ጫፍ አፍርሶ ወረደ። የጩጬን ክራንች ይዞት ሄደ።

ከታች ጩኸት። ሲስተር ቤት።

በዚያ በኩል ዞሬ እስክደርስ በሯ ላይ ቆማለች፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ፣ በአንድ እጇ የጩጬን ክራንች ይዛ።

"ከማክሰኞዋ ጠብታ ወዲህ ውሃ የለኝም" አለች። "አምጡልኝ ብያለሁ። በመስኮት ብዬ ግን አላውቅም።"

ሳቅ አልመጣልኝም። እሷም እየሳቀች አልነበረም። የቤቷን ቧንቧ አየሁት። ደርቋል። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነው፤ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ መክፈት የነበረብኝ የሷን መስመር ነው። እሷም ሰዓቷን አየች። ቀና ብላ እኔን አየች። ሒሳቡን ስትጨርስ ፊቷ ላይ አየሁት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 22

ቀኑን ሙሉ ሲስተር ቤት ጭቃ ስጠርግ ዋልኩ። ሚስቴ ምንጣፍ ታጥባለች፣ እኔ እጠርጋለሁ። ሲስተር ወንበር ላይ ተቀምጣ ታያለች።

ሰዎች እየመጡ በር ላይ ቆሙ። ጮኸው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም እኮ! "እኛማ ድሮም እናውቃለን" ነው የሚሉት። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ "አይዞህ፣ እኔም ቁልፉ በእጄ ቢሆን ያው ነበርኩ" አለኝ። መጥረጊያውን ወረወርኩበት። ስቶታል።

ሲስተር ሰዎቹ እስኪሄዱ ጠበቀች።

"አንተን አምኜ ስንት ሰው እንደሰደብኩ ታውቃለህ?"

"ሲስተር፣ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ልጅቷን እርስዎም ያውቋታል..."

"ልጅቷንማ ያዋለድኳት እኔ ነኝ። መጥተህ፣ 'ሲስተር፣ ለጩጬ ሁለት ቀን ውሃሽን ስጪኝ' ብትለኝ እምቢ እልህ ነበር?"

የወረወርኩትን መጥረጊያ አነሳሁ።

"ፍራሹን ፀሐይ ያደርቀዋል" አለች። "ሌላውን እኔ እንጃ።"

ማታ ለደላላው ደወልኩ። "ቆሻሻ ዕቃ አምጥተህ አዋረድከኝ!" አልኩት። ሌላም አልኩት። እሱም አለኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 24

የሥርጭት ኃላፊው አስጠራኝ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ ጠረጴዛው ላይ መዝገቡ ተዘርግቷል።

"ጋሼ፣ ተቀመጡ። ችግር የለም። 'ቫልቩ ተነክሶ አልዘጋ ብሎኝ ነበር' ብለው ከጎኑ ይጻፉና ይፈርሙ። እኔም እፈርማለሁ፤ ያልቃል።"

እስክሪብቶውን አነሳሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ ልፈርም ነበር። ለጡረታ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የቀረኝ።

"እናመሰግናለን" ልለው ፈልጌ፣ "የመጀመሪያዬ ነው" አልኩት።

"ምኑ?"

"ሰዓት ማሳለፍ። ሃያ ሰባት ዓመት አድርጌው አላውቅም።"

የእስክሪብቶውን ክዳን እያኘከ አየኝ። ሊያሾፍብኝ አልነበረም። ከልቡ ገርሞት ነው።

"እንዴ... እስከ ዛሬ አላደረጉም? ምነው? እኛ እኮ ያው የሥራው ጥቅም ነው ብለን... ማንም አይጠይቅዎትም ነበር።"

መሥሪያ ቤቱም! ዳቦ ቤቱ ብቻ መስሎኝ! ጠዋት በብርድ የተነሳሁት፣ ሚስቴ በርሜል አልሞላም ብላ ያለቀሰችው፣ ሁሉ... ማን አየው? ማንም። ያየችው አንዲት አዋላጅ ናት፤ እሷንም ዓርብ አጣኋት።

የቫልቩን ቁልፍ፣ አንድ ሜትር ተኩሉን ብረት፣ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። የጠረጴዛው መስታወት ተሰነጠቀ። "ስድስት ሰዓት አልዘጋሁም፤ አሥር ሰዓት ዘጋሁ፤ ለራሴ ጓሮ" ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩና ፈረምኩ።

"ጋሼ፣ በምን ምክንያት ራስዎን..."

"ሌላ ሰው ፈልግ።"

ወደ ቆጣሪ ጥገና አዛወረኝ። የመስታወቱንም አስከፈለኝ። በዚህኛው ደስ ብሎኛል፤ ቢያንስ ያጠፋሁትን አስከፈለኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 25

ቤት ውስጥ እየጮህን ነበር፤ እኔና ሚስቴ። እሷ ቁልፉን ለምን ጣልክ ትላለች፣ እኔ ለምን ካርቶኑን አስገባሽ እላለሁ። ጩጬ ክራንቿን መሬት ላይ መታች።

"ዝም በሉ! ሁለታችሁም!"

እኔም ሚስቴም ተቀመጥን።

"ስምንት ወር ሙሉ እግሬ ላይ ስብሰባ ስትቀመጡ አንዴ እንኳ ጠርታችሁኝ ታውቃላችሁ? ግቢ፣ ውጪ፣ ሰኞ ትጀምሪያለሽ... የሲስተርን ሳይቀር የሰው ውሃ ሰርቃችሁልኝ! ማን ለመናችሁ?"

"አልሰረቅኩም" ልል ነበር። ምን ልለው ነው ታዲያ?

"እሺ፣ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?" አልኳት።

"አሁን? ከፈረሰ በኋላ?" ፊቷ ቀልቷል። "ገንዳውን እፈልጋለሁ። በተራችን ውሃ። የሰው አንድ ኩባያ ቢገባበት እግሬን አላስገባም።"

"ሁለት ወር ይፈጃል፤ ባለሙያዋ ደግሞ..."

"እግሩ የኔ ነው፣ አባዬ።"

ሚስቴ አየችኝ። እኔ ሚስቴን አየኋት። እኛ ተጣልተን ያላሸነፍነውን ጩጬ አሸንፋ ወደ ክፍሏ ገባች።

እሁድ፣ ግንቦት 7

የተጣመሙትን እግሮች ብየዳ ቤት አቃንተውልኛል። የተቀደደውን ሸራ ጎሚስታው ለጥፎታል፤ "የምን ጎማ ነው ይሄ?" እያለ።

አሸዋውን እንደገና ስደለድል ጩጬ ወጣች። መሬቱ እኩል መሆኑን ልትለካ ቀጭን ግልጽ ቱቦ ውሃ ሞልታ አንዱን ጫፍ ለናቷ ሰጠች፣ ሌላውን ራሷ ያዘች። ይሄን ከየት ተማረች? ከኔ ነው። ልጅ ሆና ሥራ ቦታ ይዣት ስሄድ።

"አባዬ፣ ይሄ ለምን ያጋድላል? ሰባት ሴንቲ!"

"አስቤበት ነው። እንዲወርድ።"

"ምኑ?"

"ውሃው።"

"እንዲቆም አልነበር የፈለግነው?"

አካፋውን ይዤ ቆምኩ። ሚስቴም ቆመች። ቧንቧ ይወርዳል፣ ቦይ ይወርዳል፣ ዕድሜዬን ሙሉ የቀበርኩት ነገር ሁሉ ይወርዳል። የቆመ ውሃ ዘርግቼ አላውቅም። ሰባት ሺህ ሊትር ሲስተር ላይ ያፈሰስኩት እኔ፣ በነዚህ ሁለት እጆቼ፣ ኮርቼ።

"ደላላው እኮ አይደለም ያጠፋው" አለች ሚስቴ፣ ቀስ ብላ። እየሳቀች ነው። እናትና ልጅ ተደጋግፈው ሳቁ። ተናድጄ አካፋውን ተከልኩና ገባሁ። ከዚያ ወጥቼ ሰባቱን ሴንቲ ገፈፍኩ።

ለደላላው መደወል አለብኝ። ነገ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 11

ለደላላው ደወልኩ። ይቅርታ ብዬ ሳልጨርስ፣ "ጮክ በል፣ አልሰማሁም" አለኝ። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ሰምቶኛል፣ ውሻ።

ዓርብ፣ ግንቦት 19

ዛሬ ገንዳው ዘጠኝ ሴንቲ ጨመረ። ማክሰኞ ስድስት ብቻ ነበር። ሚስቴ በአንድ ባልዲ ልብስ አጥባ ወለል ትጠርግበታለች። አዲሱ ቫልቭ ከፋች ከሌላ ቅርንጫፍ የመጣ ወፍራም ሰው ነው፤ ዛሬ ሃያ ደቂቃ አሳልፎ ከፈተ። መስመሩን አያውቀውም! ያ ቫልቭ ሲከፈት በመጀመሪያ ሩብ ዙር ተሰጥቶ ይጠበቃል፤ እሱ አንዴ ያዞረዋል። በድምፁ አውቃለሁ።

ሲስተር ሰላምታ አትሰጠኝም። ለጩጬ ግን በግንቡ ላይ፣ "ደርሷል ወይ?" ብላ ትጠይቃለች። የግንቡን ጫፍ ጠግኜላታለሁ። አላመሰገነችኝም። ልክ ናት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 7

ቫልቩ አሥራ ሁለት ሰዓት መከፈት ነበረበት። አልተከፈተም። እኔ ከሥራ በፊት የውሃ ጎማውን ይዤ ጓሮ ቆሜያለሁ። አሥራ ሁለት ተኩል... የለም። በር ላይ ወጣሁ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ባልዲ ይዘው ወጥተዋል። "ይሄ ሰውዬ የት ገባ?" አልኩ፤ እንዲያውም ጮህኩ። "ለዘመዶቹ እየከፈተ ይሆናል!" አልኩ። አፌ ነው ያለው። ጎረቤቶቼ ዞረው አዩኝ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

አንድ ሰዓት ሲሆን ውሃው መጣ። ገንዳው እየሞላ ሳለ ጩጬ በመዋኛ ልብስ ወጣች። ውሃው ገና ወገቧ አይደርስም። "ሙሉ እስኪሆን ጠብቂ" አልኳት። አልጠበቀችም።

መሰላሉን ልይዝላት ተጠጋሁ።

"ዞር በልልኝ፣ አባዬ።"

ዞር አልኩ። ክራንቿን ሸራው ላይ አስደገፈች። ስትገባ በብርዱ የሰደበችው ስድብ እዚህ አይጻፍም፤ ከየት እንደተማረችውም አልጠይቅም። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ አምስት... ግማሹን ዞረች። ከዚያ ጎኗ ከዳት፣ ሰመጠች። ልዘል ስል ሚስቴ ሸሚዜን ከኋላ ያዘችኝ። "ተዋት!" ቁልፌ ተበጠሰ። ጩጬ እየተፋች ወጣች፣ ጠርዙን ይዛ ቆመች፣ ፀጉሯን ከፊቷ ላይ ገፋች።

"ምን ታያላችሁ? ሥራ የላችሁም?"

ሥራማ አለኝ። ከማንም ቀድሜ የምገባ ሰው ዛሬ ሃያ ደቂቃ አረፈድኩ። እሷ በግንቡ በኩል ያለው ጠርዝ ጋ ደርሳ እየተመለሰች ነበር ስወጣ።

ዓርብ ያ ወፍራም ቫልቭ ከፋች አንዲት ደቂቃ አሳልፎ ይክፈትና ከኔ ያገኛታል።